ለሥራ የማይኬድበት አገር

ልጄ የመጣችው መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ሱቅ ስል ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ ያለች፣ አንድ የስፌት መኪናና ሁለት ወንበር የሚሞላት ክፍል ናት። ሙቀቱ ሰው በማያናግርበት ወር ላይ ነበርን። ልጄ ከባጃጅ ወርዳ ገባች፣ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ፦

«እማ፣ ተፈቀደልኝ!» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የወላጅ ትኬት ነዋ! አንቺና አባ በትንሽ ዋጋ የፈለጋችሁበት አገር ሄዳችሁ መምጣት ትችላላችሁ። የፈለጋችሁበት! እናንተ ብቻ ምረጡ።»

ልጄ አየር መንገድ ውስጥ አውሮፕላን ጠጋኝ ናት። አባቷ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ከቀወት ገበሬዎች ሽንኩርትና ማንጎ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወገቡ እምቢ ብሎት መሪ ካስቀመጠ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጁ ሞተር መፍታት የጀመረችው በሱ መኪና እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

ምሳ ላይ ነገሩን ስትነግረው በጽሞና አዳመጣትና «እንዲሁ ገብተን ቁጭ ነው?» አላት።

«እሱማ ቦታ ካለ ነው፣ አባ። ከፍለው የገዙት ከተሳፈሩ በኋላ ወንበር ከተረፈ እናንተ ትገባላችሁ። ካልተረፈ በሚቀጥለው ቀን ትሞክራላችሁ።»

«አሃ፣ እንደኛ መናኸሪያ ነው በይኛ!» አለና ሳቀ። «ደስ አለኝ። እኔ የአየር ነገር ሌላ መስሎኝ ነበር።»

እንግዲህ የት ይኬድ? ይሄ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኛ ሰፈር ግን ውጭ አገር ማለት ሥራ ነው። እገሌ ሄደ ሲባል ቀጥሎ የሚጠየቀው «ደረሰ ወይ? ሥራ ያዘ ወይ?» ነው። ለመዝናናት ሄደ ተብሎ የተወራለት ሰው እኔ በበኩሌ አላውቅም። ከሱቄ ጎን ጫማ የምትሸጠው ጎረቤቴ እንኳ ስትሰማ ግራ ገባት።

«እዚያ ምን ልትሠሩ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። አይተን ልንመጣ።»

«ምንም ላትሠሩ ይሄን ሁሉ መንገድ?» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን እኮ ደስ ይላል» አለችኝ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው፣ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ መጡ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሰማው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

«ምን መምረጥ ያስፈልገዋል?» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «መጀመሪያ ዑምራ ነው። የአላህን ቤት ሳያዩ ሌላ አገር ቢያዩት ምን ይረባል?»

ባለቤቴ እህቱን ተከራክሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን ረጋ ብሎ መለሰ። «እትዬ፣ ወደ መካስ ኢንሻ አላህ በራሴ ላብ ነው የምሄደው። በልቤ ነይቼ፣ ተሰናድቼ። ወንበር ከተረፈ እገባለሁ፣ ካልተረፈ እመለሳለሁ እያልኩ የአላህን ቤት በትርፍ ወንበር አልሄድም።»

እትዬ ጥቂት አሰቡና «እሱስ ወላሂ እውነትህን ነው» ብለው ተቀመጡ።

ልጄ ስልኳን አውጥታ አገር ታሳየን ጀመር። ባንኮክን አሳየችን፣ ፓሪስን አሳየችን፣ በረዶ ጣራ የሚሸፍንበት አንድ ከተማም አሳየችን። አባቷ በረዶውን አይቶ «እዚህ ውስጥ መኪና እንዴት ይነሳል?» ከማለት በቀር ምንም አላለም።

«ዱባይስ?» አለች ልጄ። «ቅርብ ነው፣ ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚሄደው።»

«ዓረብ አገር አልሄድም» አልኩ።

እንደዚያ ፈጥኜ እንደምናገር እኔም አላወቅኩም። ልጄ ስልኳን አጠፋችው።

ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄን የአራት ዓመት ልጅ ሆና ትቻት ሄጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና ነው ያገኘኋት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያበሏት፣ ያጠቧት፣ ጸጉሯን የሠሯት እትዬ ናቸው። ክፉ ሰው ደርሶብኝ አይደለም። የማስታምመው አንዲት አሮጊት ነበር፤ «ተይታ» ነበር የምላቸው፣ በነሱ ቋንቋ አያቴ እንደማለት ነው። ሲያማቸው ይቆጣሉ እንጂ ደግ ነበሩ። ግን ሰባት ዓመት ያው ሰባት ዓመት ነው። እሳቸው ሲሞቱ ወደ አገሬ ገባሁ። ባለቤቴ ስለዚያ አገር ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አልነገርኩት። እኔ ካወራሁ የሚከፋው መሰለኝ፤ እሱም ከጠየቀኝ የሚያመኝ መስሎት ነበር። እንዲሁ እንደተጠባበቅን ልጃችን አድጋ ሥራ ያዘች።

ልጄ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ በየቀኑ እየደወለች «መረጣችሁ?» ትለኛለች። «አባትሽ ዝም ብሏል» እላታለሁ። እውነትም ዝም ብሎ ነበር። ቁም ነገር ሲያስብ ፂሙን ይቆነጥራል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆነጥር ሰነበተ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድን። ለወገቡ በእግር እንዲሄድ ሐኪም ስላዘዘው አብሬው እሄዳለሁ። አንድ የሚያውቀው ገበሬ ማሳ ዳር፣ የማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጥያቄውን እኔው አነሳሁት።

«ለኔ ብለህ ሳይሆን ለራስህ፣ አንተ የት ብትሄድ ደስ ይልሃል?»

በያዘው በትር መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «እንዳትቆጪ» አለኝ።

«አልቆጣም።»

«ቤሩት።»

ተነሳሁ። ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ «ሁለተኛ እንዳትደግማት» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። ነጠላዬን አራግፌ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ። ዓለም ሁሉ ተዘርግቶለት፣ እኔ ያለቀስኩበትን አገር ይመርጣል! ሁለት ቀን «ምግብ ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገርኩትም። እሱም አልተጫነኝም። የቀረበለትን እየበላ «አልሐምዱሊላህ» ይልና ይነሳል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሱቄ መጣ። አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ቆሞ ነበር፤ እሱም እንደ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ሰውየው ሲወጣ፦

«አንድ ነገር ተናግሬ እሄዳለሁ» አለኝ። «ሰምተሽ ከተቆጣሽ መብትሽ ነው።»

መርፌው ላይ ክር ማስገባቴን ቀጠልኩ፤ ግን አልገባልኝም።

«አንቺ ቤሩት ሳለሽ፣ ከደብረ ሲና ዳገቱን ጨርሼ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስደርስ ሞተሩ እንዲበርድለት እቆማለሁ። ጉም ካልሸፈነው ይፋት ሁሉ ከታች ይታያል። እዚያ በቆምኩ ቁጥር አሁን ምን እያየች ይሆን እላለሁ። መስኮት አስብልሻለሁ፤ መስኮቱ ወደ ምን እንደሚያይ አላውቅም። የሚያናግርሽ ሰው አስባለሁ፤ ሰውየው ፊት የለውም። ልጅቷ የእማ ቤት ምን ይመስላል ብላ ስትጠይቀኝ እየፈጠርኩ ነበር የምነግራት። አንድ ቀን ቀይ ቤት ነው አልኳት። ሌላ ቀን ረስቼ ነጭ ነው አልኳት፤ ‹ዋሸኸኝ› ብላ አለቀሰች።» ፂሙን ቆነጠረ። «ቤሩት አምሮኝ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደነበርሽ ልወቅ ብዬ ነው።»

መርፌውን አስቀመጥኩ።

«ቢጫ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«ቤቱ። ሕንፃው። ቢጫ ነው፣ ቀለሙ የተላላጠ።»

የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩና ነገርኩት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። የማድቤቱ መስኮት የሰው ልብስ የተሰጣበት ግድግዳ ነው የሚያየው። በረንዳው ላይ ሲወጣ ባሕሩ በሁለት ሕንፃዎች መካከል እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ተይታ ከሰዓት በኋላ ሲተኙ እኔ በረንዳው ላይ ሽንብራ እለቅም ነበር። ባለቤቴ የሾፌር ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ መንገዱ ስንት መኪና ያሳልፋል? ቁልቁለት አለው? እኔም የማውቀውን እመልሳለሁ። ከዚያ፦

«ማን ያናግርሽ ነበር?» አለኝ።

«የላይኛዋ» አልኩት።

የላይኛዋ ያልኩት ከኛ በላይ አምስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ የፊሊፒንስ ሴት ናት። የዚያ አገር ሰው ከበረንዳው ቅርጫት በገመድ አውርዶ ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ ያስወጣል። እሷም ዳቦ ስታስወጣ ቅርጫቱን እኔ በረንዳ ላይ ታቆመዋለች፤ ውስጡ የኔ ድርሻ አለ። አንዳንዴ ብስኩት፣ አንዳንዴ የጸጉር ቅባት። እኔም በቅባቱ ወይም በብስኩቱ ፋንታ የሠራሁትን ሽሮ በትንሽ ዕቃ አድርጌ እልክላታለሁ። የምንግባባው ሁለታችንም በማድቤት በተማርነው ዓረብኛ ነው። ስለ ሳህንና ስለ መጥረጊያ ብዙ ቃል እናውቃለን፤ ስለ ናፍቆት አንድ ቃል ነው ያለን፣ እሱኑ እየደጋገምን እንጠቀም ነበር። እኔ ከተይታ ጋር ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከቤት አልወጣም፤ እሷም የምትወጣው ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር ብቻ ነው። እንደ ዕጣ ሆኖ አንድም ቀን ጎን ለጎን ቆመን አናውቅም።

«ልጅቷ ወባ የያዛት ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

«እንዴት ይረሳኛል!»

«ስደውልልህ ‹ጤና ጣቢያ አስተኝተዋታል› አልከኝና ካርዱ አለቀ። ሁለተኛ ካርድ አልነበረኝም። በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳለቅስ ሰማችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ የራሷን ስልክ በጨርቅ ጠቅልላ በቅርጫቱ አወረደችልኝ። መልሼ የደወልኩልህ በሷ ስልክ ነው።»

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። በማግስቱ እኔ በዚያ ቁጥር ደውያለሁ እኮ! አንዲት ሴት አነሳች።»

ይሄን እኔ አላውቅም ነበር።

«ጠዋት ነው» አለ። «ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ሾርባ ጠጣች። እሱን ልነግርሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ሴትየዋ ‹ቤቢ ጉድ? ቤቢ ጉድ?› ትለኛለች። እኔ ጉድ የሚለውን ስሰማ ደነገጥኩ። ‹ምን ጉድ መጣ? ሚስቴ ምን ሆነች?› እያልኩ እጮኻለሁ፤ እሷም ‹ጉድ! ጉድ!› እያለች ትጮኻለች። ሰው ተሰበሰበብኝ። በመጨረሻ ነርሷ መጥታ ‹ልጅህ ደህና ናት ወይ እያለችህ ነው እኮ› አለችኝ። ያኔ ‹ጉድ! ጉድ!› ብዬ መለስኩላት። ከወዲያ ማዶ ለቅሶ ሰማሁ።»

እየሳቅኩ ዕንባዬ መጣ። በዚያ ጠዋት የላይኛዋ ከበረንዳዋ ጎንበስ ብላ «ደህና ናት!» ብላ የጮኸችልኝ ትዝ አለኝ። ማን እንደነገራት ጠይቄያት አላውቅም፤ ደስታው አስረስቶኝ ነው።

«እስከ ዛሬ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳስብ ነው የኖርኩት» አለ ባለቤቴ። «አሁን የት ናት?»

«አገሯ ገብታለች። በነሱ በዓል እኔ እደውላለሁ፣ በዒድ እሷ ትደውላለች።»

«አሁን ደውይላት።»

«አሁን? በሥራ ቀን?»

«ደውይላት።»

ደወልኩ። ፊቷ ስልኩ ላይ መጣ፤ እዚያ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ነበር። ባሕር ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ከኋላዋ ሰው ይበላል። ስልኩን ወደ ባለቤቴ ሳዞረው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ግን አወቀችው። ከዚያ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። «አውሮፕላን ትጠግናለች» አልኳት፣ በዚያው በማድቤት ዓረብኛችን። አላመነችኝም፤ «ታጥባለች ልትይ ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ትጠግናለች!»

ስታበቃ እንደ ሁልጊዜው «መቼ ነው የምትመጡት?» አለችኝ። እኔም እንደ ሁልጊዜው ኢንሻ አላህ ብዬ ላልፈው ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ባለቤቴ።

«መቼ ትመጣላችሁ ነው የምትለው።»

«እንመጣለን በያት።»

ዘወር ብዬ አየሁት። «ቤሩትስ?»

«ቤሩትን እኮ አሁን ነገርሽኝ። ቢጫ ነው፣ ልብስ የተሰጣበት ግድግዳ ያያል። እኔ የምፈልገው ከአንቺ ጋር የነበረውን ሰው ነው።»

ልጃችን ፊሊፒንስ መሆኑን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ሳቀች። «ከመረጣችሁ አይቀር ዳር ድረስ ነው የመረጣችሁት! መንገድ ላይ ሌላ አገር ታርፎ ነው የሚኬደው» አለች። ቢሆንም ወረቀቱን ሁሉ እሷ ጨረሰችው፤ የላይኛዋም የግብዣ ደብዳቤ ላከች። ቅጹ ላይ ከጋባዧ ጋር ያለን ዝምድና ይጠየቃል።

«ምን ብዬ ልሙላው?» አለች ልጄ።

«እህቷ በይ» አለ አባቷ።

«አባ፣ ወረቀት ላይ አይዋሽም።»

«እንግዲያውስ ጓደኛ በይ። ግን በትልቁ ጻፊው።»

እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እዚያ አገር እስላም አለ?» አሉ። እንዳለ ሲነገራቸው «እንግዲህ ለሶላት ቂብላው በየት እንደሆነ እንደደረሳችሁ ጠይቁ» አሉና ቋንጣና ድርቆሽ ቋጠሩልን። ዱዓ ሲያደርጉልን ግን ድምፃቸው ተሰበረ። እኔን ወደ ቤሩት የሸኙኝ ቀን ልጄን ታቅፈው እዚያው በር ላይ ነበር የቆሙት። እጃቸውን ስስም «አሁንስ ቶሎ ትመጫለሽ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ወንበር አልተረፈም። ሁለተኛውም ቀን አልተረፈም። ከአውሮፕላን ጣቢያው ሻንጣችንን እየጎተትን ልጄ ቤት ተመለስን። እኔ ቀልቤ ተገፎ «ቢቀርስ?» አልኩ። ባለቤቴ ግን ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ ሰቀለው፤ «ነገ ይህንኑ ነው የምለብሰው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስማችንን ጠሩ። ለየብቻ ነው ወንበር የሰጡን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በየመሀሉ ተነስቶ እየዞረ ያየኛል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ነገሩ ገብቶት ወንበሩን ለቀቀለት።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ለላይኛዋ የሚላትን መለማመድ ጀመረ። «ይሄን ትተረጉሚልኛለሽ» እያለ ሦስት ጊዜ አሰማኝ፤ በየጊዜው እየረዘመ ሄደ።

ስንደርስ የአውሮፕላን ጣቢያው መውጫ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ከታች ወደ ላይ ስለማያት ረጅም ሴት ትመስለኝ ነበር። ጎኔ ስትቆም ትከሻዬ ጋ ናት። ሁለታችንም ይሄን እኩል አየነውና፣ ተቃቅፈን ከማልቀሳችን በፊት ሳቅን። ባለቤቴ ኮቱን አስተካክሎ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ንግግሩን በአማርኛ ተናገረ። ስለ ልጁ እንዳለቀሰች፣ ሚስቱን ብቻዋን እንዳልተወቻት፣ አላህ በልጆቿ እንዲክሳት። እኔ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ የማውቀው ዓረብኛ ግን ለዚህ የሚሆን አልነበረም። ያለችኝን አንድ የናፍቆት ቃል አወጣሁ፤ ቀጥሎ «ቅርጫት» አልኩ፣ ቀጥሎ «ስልክ»፣ ቀጥሎ «ባሌ»። እሷ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ከዚያ የባለቤቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው።

ቤቷ ምግብ ቤቱ ጀርባ ነው። ማድቤት ስንገባ አንድ ድስት ከሌሎቹ ለይታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አገኘን። አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት ገና ከጎኑ አልተላጠም። ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝና፣ «አሳማ አልነካውም። የናንተ ብቻ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያ ሁሉ ንግግር የነበረው ሰው እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ታጠበና፣ ሳህኑ ላይ የተደረደረውን ዓሣ በምልክት አሳይቶ ቢላ ጠየቃት። እሱ ዓሣ አጽድቶ አያውቅም። ከራሱ ወደ ጭራው ሲፍቅ ቅርፊቱ እምቢ አለው። እሷ ከጎኑ ቆማ እጁን ያዘችና፣ ከጭራው ወደ ራሱ እንደሚፋቅ ቀስ አድርጋ አሳየችው።